በበሩ መዝገብ ላይ የተጻፈብኝ

የሳኒታይዘር ሽታን እስከ ዛሬ አልችለውም። ክሊኒክ ውስጥ ተራ ስጠብቅ አጠገቤ ያለ ሰው እጁን ማሸት ከጀመረ ተነስቼ ቦታ እቀይራለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች በሽታው እየታወሰኝ ይመስላቸዋል። በሽታውስ ይዞኝ ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ለቀቀኝ። እኔን የሚያቅለሸልሸኝ በዚያ ሰሞን የሠራሁት ሥራ ነው። ነገሩ ቅዳሜ ጠዋት ተጀምሮ ሰኞ ረፋድ ላይ ያለቀ ነው፤ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ። መሃል ላይ ራሴን ማሳመር ከጀመርኩ አትመኑኝ።

ያኔ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበርኩ። ካራ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ኮሮና ገብቶ ግቢው ሲዘጋ “ትምህርት በኦንላይን ይቀጥላል” የሚል ደብዳቤ ደረሰን። እንዴት እንደሚቀጥል ግን ደብዳቤው አልነገረንም። እኔ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ፣ ማስታወሻዬን ጫንኩ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ ማብራሪያ በድምፅ እየቀዳሁ ላክሁ፣ በየሳምንቱ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ማስተማር ያልነው ይህንን ነው።

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ዶክተር እንዳለ ይባላል። በዕድሜም በማዕረግም አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ ከዚያ ሰኞ ወዲህ አልሆንልህ ብሎኛል። ግቢው በተዘጋ በሁለተኛው ወር ደወለልኝ።

“ሰላም፣ ይሄ ነገር ወርቅ ነው” አለ። “በአስቸኳይ ጊዜ የኦንላይን ትምህርት ላይ ዓለም ሁሉ እየጻፈ ነው። እኛም ቶሎ ብለን አንድ ጥናት ካወጣን ያንቺ የረዳት ፕሮፌሰርነት ነገር በዚሁ ያልቃል።”

እኔም ማዕረጉን እፈልገው ነበር፣ አልዋሻችሁም። ሃያ አራት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጀሁ። ተማሪው እያንዳንዱን ከ“በጭራሽ አልስማማም” እስከ “በጣም እስማማለሁ” ካሉት መልሶች አንዱን ይመርጣል። ኢንተርኔት አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ፎርም በኢንተርኔት ላክን፤ ይህ እንዴት እንዳላሳቀን ዛሬም ይገርመኛል። መልሳቸውን ከውጤታቸው ጋር ለማስተያየት የተማሪ መለያ ቁጥር እንዲጽፉ አደረግሁ። ከላይ ደግሞ “የምትሰጡት መልስ ምስጢርነቱ የተጠበቀ ነው” ብዬ በደማቁ ጻፍኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት የሞላው ሰው ጥቂት ነበር። ዶክተሩ ሲጨቀጭቀኝ ግሩፑ ላይ “ፎርሙን ያልሞላ ተማሪ በስም ይያዛል” ብዬ ለጠፍኩ። በሁለት ቀን ውስጥ ክፍሉ አንድም ሰው ሳይቀር ሞላ። ዶክተር እንዳለ “ተአምር ነው” አለ። መልሱም ያማረ ነበር፤ ተማሪዎቻችን በትምህርቱ ደስተኞች ነበሩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከቢሮዬ መጽሐፍ ላመጣ ወደ ግቢ ሄድኩ። በሩ ላይ የሳሙና ውኃ የያዘ በርሜል ቆሟል። ጥበቃው ጋሽ ደምሴ ገና ሲያዩኝ ከጥበቃ ቤቱ ወጡ። ስድሳን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። የሚገባ የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ የሚመዘግቡበት አንድ ሰፊ መዝገብ አላቸው፤ ጃንጥላ ሳይቀር ይጽፋሉ እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

“መምህርት፣ ለእርስዎ የመጣ ወረቀት አለ” አሉ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር እየዘረጉልኝ።

“ጋሼ፣ እባክዎ ይራቁኝ” አልኩ ወደ ኋላ እያፈገፈግሁ። “ወረቀት አልቀበልም። የሚልክ ሰው በቴሌግራም ይላክ።”

“የተማሪ ነው እኮ።”

“የማንም ይሁን። አልቀበልም።”

ሳኒታይዘሬን ከቦርሳዬ አወጣሁና በእኔና በእሳቸው መካከል ረጨሁት። ሰው ዝንብ ላይ እንደሚረጨው። ጋሽ ደምሴ ፌስታሉን ወደ ደረታቸው መለስ አድርገው “እሺ፣ እንዳሉ” ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲህም ለአንዳንድ ነገር ወደ ግቢ ብቅ ስል ከወንበራቸው ብድግ ይሉ ነበር። እኔ “አልቀበልም” እያልኩ፣ አንድ ጊዜም እጄን ብቻ አወዛውዤ አልፋለሁ።

ወራት አለፉ። ግቢው ተከፈተ፣ ውጤት ተለጠፈ፣ በኦንላይኑ ሴሚስተር የወደቁ ተማሪዎች ተባረሩ። ከእነሱ መካከል ስድስቱ “ስልክም ኢንተርኔትም አልነበረንም” ብለው ይግባኝ አቀረቡ። ይግባኙን የሚያየው ኮሚቴ ጸሐፊ ዶክተር እንዳለ ነበር። ሐሙስ ዕለት ቢሮዬ መጥቶ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። “ከዚህ በታች መለያ ቁጥራቸው የተዘረዘረው ተማሪዎች ለጥናታችን በሰጡት መልስ መሠረት በቂ መሣሪያና የኢንተርኔት አገልግሎት እንደነበራቸው እናረጋግጣለን” ይላል።

“ምስጢር ነው ብለን አልነበር?” አልኩት።

“ለውጭ ሰው ነዋ ምስጢሩ። እኛ ከመቼ ወዲህ ነው የውጭ ሰው የሆንነው?” ብሎ ሳቀ። “ኮሚቴው ሰኞ ነው የሚሰበሰበው። ፈርሚና ልሂድ።”

ፈረምኩ። ቁጥሮቹን ቁልቁል አየሁ እንጂ አላነበብኳቸውም። አንድ ማኪያቶ በማይቀዘቅዝበት ጊዜ ውስጥ የስድስት ሰው ዕድል ላይ ፈርሜ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አርብ ዕለት ደግሞ ጥናቱን የላክንለት መጽሔት አስተያየት መጣ። ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የተማሪዎቹ የራሳቸው ድምፅ ቢጨመርበት ይላል። “አንድ ሁለት ቆንጆ ቆንጆ ንግግር ፈልጊ” አለኝ ዶክተሩ። “በጣም ደስተኛ የሆነ ተማሪ ምረጪ።”

ሠንጠረዡን ከፈትኩ። ሃያ አራቱንም ጥያቄ “በጣም እስማማለሁ” ያለች አንዲት ተማሪ አገኘሁ። ቁጥሯን ከሬጅስትራር ዝርዝር ጋር ሳመሳክር ስሟ ብርቱካን ነው፤ ስልክም ተጽፏል። ስደውል ያነሱት እናቷ ነበሩ። “ልጄ ቤት ናት። ከእንጦጦ ራጉኤል ዝቅ ብለው የጧፍ ሻጯ ቤት የት ነው ካሉ ያሳዩዎታል” አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከካራ ተነስቼ በመገናኛና በስድስት ኪሎ አድርጌ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወረድኩ። ከዚያ ወደ ላይ በእግሬ ነው። ስኒከር አድርጌ፣ ማስኬን አጥልቄ፣ ቦርሳዬ ውስጥ መቅረጫና ማስታወሻ ይዤ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የምወጣው። ወደ ላይ ስቃረብ የአንቴና ምሰሶዎቹ ከባሕር ዛፉ በላይ ታዩኝ። “ኔትወርኩማ እዚህ አናታቸው ላይ ነው፣ ታዲያ ይቺ ልጅ ባትደሰት ነበር የሚገርመው” አልኩ በልቤ። ይህንንም ጽሑፉ ውስጥ ላስገባው አሰብኩ።

ቤቱ በግማሽ ጭቃ፣ በግማሽ ቆርቆሮ የተሠራ ነው። ብርቱካን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የጥጥ ክር በቀለጠ ሰም እየነከረች ጧፍ ትሠራለች። ቀጭን ናት፤ ጣቶቿ በሰም ነጥተዋል። ስታየኝ የያዘችውን ክር አስቀምጣ ተነሳች።

“ቲቸር? ስለ ይግባኜ ነው የመጡት?”

“የምን ይግባኝ?” አልኩ።

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ወዲያው ጠፋ። “ተባርሬያለሁ እኮ። ሰኞ ይታያል ብለውናል።”

ስልኬን አውጥቼ ለማስረጃ ያስቀረሁትን የሐሙሱን ደብዳቤ ፎቶ ፈለግሁ። የእሷ ቁጥር ሦስተኛው ነበር፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። ምን እንዳልኩ በትክክል አላስታውስም፤ “ለጥናት ነው የመጣሁት” ያልኩ ይመስለኛል። እናቷ እትዬ በላይነሽ ከጓዳ ወጥተው በርጩማ አቀረቡልኝ፣ የተቀቀለ ድንችና ሚጥሚጣ በሰሃን አመጡ። ብርቱካን ማንቆርቆሪያ ልታመጣ ስትል እኔ በልማዴ ሳኒታይዘሬን አውጥቼ እጄ ላይ አፈሰስኩ። እትዬ በላይነሽ ለእሳቸውም የመጣ መስሏቸው መዳፋቸውን ዘረጉ። ጠብ አደረግሁላቸው፤ አሹትና አሽትተው “ደስ ይላል” አሉ።

“ብርቱካን፣ ፎርም ሞልተሽ ነበር” አልኳት።

“የምን ፎርም?”

“ስለ ኦንላይን ትምህርቱ። ኢንተርኔት ላይ።”

“ስልክ የለኝም እኮ ቲቸር። ያለችን ይቺ ናት” አለች የእናቷን ባለ ቁልፍ ስልክ እያሳየችኝ። መብራት ብቻ ያላት ትንሽ ስልክ ናት። “ምን ብዬ ነበር የመለስኩት?”

ማንበብ አልነበረብኝም፤ ግን አነበብኩላት። አፌ በራሱ የሚሄድ ይመስል ነበር።

“‘ለትምህርቴ የሚሆን ስማርት ስልክ ወይም ኮምፒውተር አለኝ።’ በጣም እስማማለሁ ብለሻል።”

የእናቷን ስልክ አገላብጣ አየችው።

“‘በቤቴ ጸጥ ያለ የመማሪያ ቦታ አለኝ።’ በጣም እስማማለሁ።”

እትዬ በላይነሽ ቤታቸውን ዘወር ብለው አዩና ሳቁ። “የሞላው ሰው ደግ ነው፣ ቤት ሰጥቶናል” አሉ።

“‘መምህሬ ጥያቄ ስጠይቅ ቶሎ ይመልሱልኛል።’ በጣም…”

“ይበቃል ቲቸር” አለች ብርቱካን። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “ሚኪያስ ይሆናል የሞላው።”

ሚኪያስ የክፍሉ ተወካይ ነው። በየሳምንቱ እየደወለ የቤት ሥራውን ጥያቄ ያነብላት እንደነበር ነገረችኝ። እሷ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ከመጻሕፍትና ከአሮጌ ማስታወሻ እየፈለገች በእጇ ትሠራለች።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎት?” አለች። “ሠርቼ የላክሁትን ለምን አላረሙልኝም? ደካማ ነው ብለው ነው?”

“የላክሽው? በምን?”

እናትየው መለሱ። “እኔ ነኛ ያደረስኩት። ታክሲው ግማሽ ሰው ይጭናል ተብሎ ዋጋው እጥፍ ሆኖ የለ? በእግሬ ወርጄ ለዘበኛው ነበር የምሰጠው። ደግ ሽማግሌ ናቸው። ‘አደራ’ ስላቸው ‘በሰማይ በምድር’ አሉኝ።”

የያዝኩትን ድንች ሰሃኑ ላይ መለስኩት። በሩ ላይ በፌስታል የተጠቀለለውን ነገር አየሁት። የረጨሁትን አየሁት። እጄ አሁንም ይሸታል። “ሰኞ እንገናኝ” ብዬ ተነሳሁ። አደራ የተቀበሉት ሽማግሌ ስንት ጊዜ ከወንበራቸው ብድግ እንዳሉ እየቆጠርኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ። መንገድ ላይ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ተደግፌ አስታወክሁ። ያለፉኝ ሁለት ሴቶች “ኮሮና ሳይሆን አይቀርም” ብለው ሸሹኝ። ትክክል ናቸው፤ የሚሸሽ ነገር ነበረብኝ።

እዚያው ቆሜ ለሚኪያስ ደወልኩ። መጀመሪያ ካደ። በኋላ ድምፁ ወረደ።

“ቲቸር፣ ‘ያልሞላ በስም ይያዛል’ ብለው ለጠፉ። ማርክ ይቀነስባቸዋል ብዬ ፈራሁ። ስልክ ለሌላቸው ሁሉ ሞላሁላቸው። አቴንዳንስም እኮ ሁሌ እንፈራረማለን።”

“ለምን ሁሉንም በጣም እስማማለሁ አልክ?”

“መጥፎ ብሞላ እነሱ ላይ እንዳይመጣ ብዬ ነዋ።” ቀጥሎም “ወረቀቱንም እኮ እርስዎ ፈቅደው ነው” አለ። “‘ስልክ የሌላቸው ልጆች ጽፈው በር ላይ ቢሰጡስ?’ ብዬ ግሩፑ ላይ ጠየቅሁ። አውራ ጣት አደረጉልኝ።”

ግሩፑን ከፍቼ ወደ ላይ ፈለግሁ። አለ። ሳላነበው አውራ ጣቴን ቀስሬለታለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ግቢ ሄድኩ፤ ጋሽ ደምሴ ተረኛ ነበሩ። ምን እንደምፈልግ ስነግራቸው ምንም አላሉም። ከጥበቃ ቤቱ ቁምሳጥን አንድ ፌስታል አወጡ፤ ውስጡ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ጋዜጣ። ከጋዜጣው ውስጥ የብርቱካን ወረቀቶች ወጡ። ሰባቱ የእኔ ኮርስ ናቸው፤ ለሌሎቹ መምህራን የተላኩትም ለየብቻ ታስረዋል፤ መምህራኑማ ጭራሽ ወደ ግቢ ብቅ አላሉም። ወረቀቶቹ ላይ እዚህም እዚያም የሰም ጠብታ አለ። አንዱን ገልጬ አነበብኩ። እኔ በድምፅ ቀድቼ ከላክሁት ማብራሪያ የተሻለ ነበር፤ ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

“ልውሰዳቸው?” አልኳቸው።

“ይፈርሙና ይውሰዱ። ሳይፈርሙ ግን ከበር አይወጣም” አሉና መዝገቡን ገለጡልኝ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያመጣው ሰው፣ የሚደርሰው ለማን፣ የተረካቢ ፊርማ። “ወይዘሮ በላይነሽ። ለመምህርት ሰላማዊት። አንድ ወረቀት።” በተረካቢው ቦታ በቀይ እስክሪብቶ፣ በጥንቁቅ የቄስ ትምህርት ቤት ጽሕፈት “አልቀበልም ብለዋል” ተብሎ ተጽፏል። ሰባት መስመር ነው። አንዱ ላይ “በእጅ ምልክት አልቀበልም ብለዋል” ይላል።

“ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ፈርቶ ነበር መምህርት” አሉ ፊቴን አይተው። “አያስቡ።”

እኔ አንድ ዓመት ሙሉ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ስሠራ፣ ስለዚያ ሴሚስተር እውነተኛውን ጥናት የሠሩት በሃምሳ ገጽ መዝገብና በቀይ እስክሪብቶ ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ፈረምኩ። ሰኞ መዝገቡን ይዘው ኮሚቴው ፊት እንዲቀርቡልኝ ለመንኳቸው። “መዝገቡ ብቻውን አይሄድም፤ ከሄደ ከኔ ጋር ነው” አሉ።

ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ከሚሰበሰብበት ክፍል ውጭ ስድስቱ ተማሪዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ከልጃቸው ጎን ቆመዋል። ዶክተር እንዳለ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ በስቴኪኒ ጥርሱን እየጎረጎረ መጣ። ወደ ጥግ ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት። አልደነገጠም። ስቴኪኒውን አየት አድርጎ መልሶ አፉ ውስጥ ከተተው።

“ልጅቷን እናስገባታለን” አለ። “በልዩ ሁኔታ። ችግረኛ ናት ምናምን ብለን። አንቺ ደብዳቤሽን አትንኪው፣ መዝገብ ምናምን የሚባል ነገርም አያስፈልግም።”

“የተቀሩት አምስቱስ? ለእነሱም እኮ ሚ… ሌላ ሰው ነው የሞላላቸው።”

“ምንሽ ናቸው? ደብዳቤው ከወደቀ ጥናቱ ይወድቃል። ጥናቱ ከወደቀ ማዕረግሽን እርሺው። አንድ አዳንሽ፣ በቃ፣ ጽድቅ ነው።”

አሁን የምጽፈውን ለእናቴም አልነገርኳትም። ራሴን ነቀነቅሁ። እሺ ማለቴ ነበር።

እሱም ዘወር ብሎ ወደ እትዬ በላይነሽ ሄደና “አይዞዎት፣ እኔ አለሁላት” አላቸው። ሴትየዋ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ሲሉ “ኧረ ምንም አይደል” እያለ፣ ነገር ግን እግሩን ሳያርቅ፣ ተቀበላቸው። ሌሎቹ አምስት ልጆች አግዳሚው ላይ ሆነው በተስፋ ያዩት ነበር። ከእነሱ ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም ቀድሜ ወደ ክፍሉ ገባሁ።

ክፍሉ ውስጥ ሰብሳቢዋ ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ትልቅ ሴት ነበሩ። ዶክተር እንዳለ የእኔን ደብዳቤ አነበበ፣ ቀጥሎ ስለ ብርቱካን “ልዩ ሁኔታ” መናገር ጀመረ። በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳና ጋሽ ደምሴ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መዝገቡን አቅፈው ገቡ። መቅረት ነበረባቸው፤ እንዳይመጡ ልነግራቸው አስቤ ረስቼ ነበር። ወይም አልረሳሁም። እስካሁን አላውቀውም።

“ምንድን ነው አባቴ?” አሉ ሰብሳቢዋ።

“መምህርቷ አምጣ ብለውኝ ነው። የዚች ልጅ ወረቀት የተመዘገበበት ነው።”

“ያንብቡልን እስቲ።”

መነጽራቸውን አደረጉ። በዝግታ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የእትዬ በላይነሽን ስም፣ የእኔን ስም አነበቡ። የመጨረሻው ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ሳያነቡ ወደ ሁለተኛው መስመር ተሻገሩ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሰባቱንም መስመር ጨረሱ፣ ቀዩን ጽሑፍ አንድም ጊዜ አላነሱትም።

“ታዲያ ለመምህርቷ የመጣው ሁሉ ለምን አልደረሳትም?” ጠየቁ ሰብሳቢዋ።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ እኔ አላዩም። “እንግዲህ ሥራ ይበዛል” አሉ። “እኔ ሳላደርስ ቀርቼ ይሆናል።”

ዶክተር እንዳለ ዕድሉን ቶሎ ያዘው። “እንግዲህ የጥበቃ ሠራተኛው ቸልተኝነት ከሆነ በዲሲፕሊን ይታያል፣ ጉዳዩም እዚህ ላይ ያበቃል” ብሎ መጻፍ ጀመረ። እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። ሽማግሌው ቆመው ጥፋቴን ይሸከማሉ፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

“ጋሼ፣ የመጨረሻውን ዘለሉት” አልኩ።

“ይቅር መምህርት።”

“ያንብቡት።”

አላነበቡም። ተነስቼ መዝገቡን ከእጃቸው ተቀብዬ እኔው አነበብኩት። “አልቀበልም ብለዋል። አልቀበልም ብለዋል። በእጅ ምልክት አልቀበልም ብለዋል።” ሰባቱንም፣ አንድ ሳላስቀር። ከዚያ ደብዳቤው ውሸት መሆኑን፣ ፎርሙን የሞሉት ተማሪዎቹ እንዳልሆኑ፣ አስፈራርቼ ያስሞላሁት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። “ማን ሞላላቸው?” ብሎ ዶክተሩ ሲጠይቀኝ “እኔ ነኝ ያስሞላሁት፣ ስሜ ይበቃሃል” አልኩት። አንተ ያልኩት ያኔ ነው፤ እስካሁንም አልተመለስኩም።

ደብዳቤው ውድቅ ተደረገ። የስድስቱም ጉዳይ እንደገና ታየ፤ አራቱ ተመለሱ፣ ሁለቱ ደግሞ ውሳኔው እስኪወጣ ሥራ ፍለጋ ሄደው ስለነበር ደብዳቤውን የሚቀበል ሰው አልተገኘም። የብርቱካንን ወረቀቶች አረምኩ። ውጤቷን ስነግራት “ወረቀቶቹ ጠፍተው መስሎኝ ነበር” አለች እንጂ አላመሰገነችኝም። ልክ ነበረች።

አንባቢዎቼ፣ ጀግና ነበርኩ ብዬ ይህን የነገርኳችሁ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ኮሪደር ራሴን ነቅንቄያለሁ፤ ሽማግሌው ባይመጡ ኖሮ እንደነቀነቅሁ እቀር ነበር። የቀየረኝ ሌላ ነው። ሚኪያስ ለጓደኞቹ አዝኖ ሞላላቸው። ጋሽ ደምሴ ለእኔ አዝነው ዘለሉ። የእኛ ሰው ደግነቱ በዚህ በኩል ነው፤ ሰው እንዳያፍር እውነቱን ይሸፍንለታል። እንደ እኔ ያለው ደግሞ ያንን ሽፋን ሰብስቦ፣ ቆጥሮ፣ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብቶ “ተማሪዎቻችን ደስተኞች ናቸው” ይላል። ስለዚህ ዛሬ ተማሪዎቼ ሁሉ ተስማማን ሲሉኝ እፈራለሁ፤ ቤታቸው ድረስ እሄዳለሁ። ወረቀት የዘረጋልኝን ሰውም ቆሜ እቀበላለሁ። እናንተም በር ላይ የሚቆሙትን ሰዎች ምን እንደጻፉ ጠይቋቸው።

ጥናቱን እንዳይታተም ለመጽሔቱ ጽፌ አስቀረሁት፤ ማዕረጉም አብሮ ቀረ፣ ይሁን። ከዓመት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ “ይህን አይተሽዋል?” ብላ አንድ ሊንክ ላከችልኝ። ዶክተር እንዳለ ሌላ መጽሔት ላይ አውጥቶታል። የእኔ ስም የለበትም፤ ሠንጠረዦቹ ግን የእኔ ናቸው። ከመጨረሻው ገጽ በታች ለተሳታፊ ተማሪዎች ምስጋና አለ። ሠንጠረዡን ቁልቁል አንብቤ “በቤቴ ጸጥ ያለ የመማሪያ ቦታ አለኝ” የሚለው ላይ ደረስኩና ቁጥሩን አየሁ። አንድም ሰው አልቀነሰበትም። እንጦጦ ላይ ያ በግማሽ ቆርቆሮ የተሠራ ቤት እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ፤ ብርቱካንም እስከ ዛሬ በጣም ትስማማለች።